ዳግመኛ ደጁን ስለ መምታት

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ካሰበውና ከተመኘው ሁሉ በመጀመሪያው ሙከራ የሚፈጸምለት እጅግ ጥቂት ነው። ይህንንም ትልቁም ትንሹም ያውቀዋል። ከዚህም የተነሣ ያሰበው ሳይሳካለት ቀርቶ ለሚያዝን ሰው የምናቀርበው የማጽናኛ ቃል ባገራችን አይታጣም፤ ምሳሌያዊ አነጋገራችን ሞልቶ የተረፈ ነው። ነገር ግን ማጽናኛ ሌላ፣ ምክር ሌላ መሆኑን፣ ማጽናኛም በምክር ስፍራ ሲሰጥ ብርቱ ጉዳት ሊያመጣ መቻሉን እኔ የተረዳሁት በራሴ ጥፋት ነው። ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣኝም ይኸው ጥፋቴ ስለ ሆነ፣ አስቀድሜ ታሪኩን ባጭሩ እናገራለሁ።

በ2004 ዓ.ም. በአገራችን 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ባንድ ጊዜ ሥራ ሲጀምሩ፣ ቀደም ብለው በተፈጥሮ ሳይንስ ወይም በጤና ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የተቀበሉ ሰዎች የመግቢያ ፈተና ወስደው ሐኪም ለመሆን የሚማሩበት አዲስ መንገድ ተከፈተ። ይህ መንገድ ከ12ኛ ክፍል በኋላ ወደ ሕክምና ሳይመደቡ ለቀሩ ብዙ ወጣቶች ያልታሰበ ዕድል ነበረ። እኔም በሁለተኛ ደረጃ ካስተማርኋቸው ልጆች መካከል ሁለቱ፣ አንደኛው በባዮሎጂ ሁለተኛው በኬሚስትሪ ተመርቀው የነበሩ ጓደኛሞች፣ በዚህ መንገድ ለመግባት ተፈትነው ሁለቱም ሳይመረጡ ቀሩ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አብረው ወደ ቤቴ መጡና «ጋሼ፣ ምን ይመክሩናል? እንደ ገና እናመልክት ወይስ እንተወው?» ብለው ጠየቁኝ።

እኔም ብዙ ሳላስብ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብዬ መለስሁላቸው። ቡናቸውን ጠጥተው፣ አመስግነውኝና ተጽናንተው ሄዱ። እኔም መልካም ምክር የሰጠሁ መስሎኝ ነገሩን ረሳሁት።

በዓመቱ የባዮሎጂው ምሩቅ ዳግመኛ ተፈትኖ ገባ። ጓደኛው ግን በሁለተኛውም በሦስተኛውም ሙከራ አልሆነለትም። በነዚያ ዓመታት ሥራ ሳይዝ በናቱ ቤት ተቀምጦ ያንኑ ደብተር ደጋግሞ ያነብ እንደ ነበረ፣ እናቱም ለመጽሐፉና ለመንገዱ ወጪ ሲሉ ሁለት ላሞቻቸውን እንደ ሸጡ ሰማሁ። አንድ ቀንም ከለቅሶ ቤት ስንመለስ በመንገድ ላይ አገኘኋቸውና፣ ሰላምታ ከተሰጣጣን በኋላ «ልጄን ይሄዳል ብለውት ነበር፤ እንቁላሉ ግን ያው እንዳለ ነው» አሉኝ። የምመልሰው ቃል አጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ጥያቄ ከልቤ አልወጣም። አንዱን ምክር ለሁለት ሰዎች ሰጥቼ፣ ለአንዱ መንገድ ለሌላው ወጥመድ የሆነበት ምክንያት ምንድር ነው? በተዘጋብን ደጅ ዳግመኛ መምታት ጽናት የሚሆነው መቼ ነው? ግትርነት የሚሆነውስ መቼ ነው?

ይህን ለመመርመር አስቀድሞ «አልተቀበልንህም» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ቃሉ አንድ ይመስላል እንጂ በውስጡ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉበት።

አንደኛው የወንበር ማነስ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 በተከፈተው የትምህርት ዘመን በአሜሪካ አገር ወደ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ለመግባት ያመለከቱት ከ52,000 የሚበልጡ ሲሆኑ፣ የገቡት 23,000 ያህል ነበሩ። ከግማሽ የሚበልጠው ሰው ከደጅ ተመለሰ ማለት ነው። ስለዚህ በዚያ አገር ተመልሶ ማመልከት እንግዳ ነገር አይደለም። ከተመለሱት ሁሉ ላይ «ለሐኪምነት አትበቁም» የሚል ፍርድ ተፈርዶባቸዋል ማለት አይቻልም። ብዙ ሰው በተሰለፈበት ስፍራ፣ በመጨረሻ በገባውና ከእርሱ ቀጥሎ በደጅ በቀረው ሰው መካከል ያለው ልዩነት አንዳንድ ጊዜ የአንዲት ነጥብ ክፋይ ነውና።

ሁለተኛው የአመልካቹ የራሱ ጉድለት ነው። በ2015 ዓ.ም. በአገራችን የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶው 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ይህ ውጤት የብዙ ቤቶችን ደስታ አጨለመ። ይሁን እንጂ ስለ ትምህርታችን ዝግጅት አንድ እውነት መናገሩን ማንም ሊክድ አይችልም፤ ይኸውም እውነት የተማሪውን ብቻ ሳይሆን የመምህሩን፣ የመጽሐፉንና የቤተ ሙከራውን ጉድለት የሚጨምር ነው። ለማለፍ ተቃርበው ለነበሩትም የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ተዘጋጀላቸው። የዚህ ትምህርት መኖር ራሱ የሚያስረዳን ነገር አለ፤ የጎደለው ሳይሞላ ፈተናን መድገም ብቻውን እንደማይጠቅም ነው።

ሦስተኛው የደጁ የራሱ ጠማማነት ነው። በአሜሪካ አገር በሕክምና ዶክተርነት ለመመረቅ ከሴቶች የመጀመሪያዋ የሆኑት ኤልሳቤጥ ብላክዌል፣ ሴት በመሆናቸው ብቻ ከብዙ ትምህርት ቤቶች ተመልሰዋል። በኒውዮርክ ክፍለ አገር ይገኝ የነበረው የጄኔቫ የሕክምና ኮሌጅ መምህራን ግን ነገሩን ራሳቸው መቁረጥ ስላልፈለጉ ለተማሪዎቹ መሩት፤ ተማሪዎቹም ቀልድ መስሎአቸው «ትግባ» ብለው ድምፅ ሰጡ። ዶክተር ብላክዌልም በዚህ ሁኔታ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1847 ገብተው በ1849 ተመረቁ። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚታረመው አመልካቹ ሳይሆን ደጁ ነው፤ ደጋግሞ መምታትም ለራስ ብቻ ሳይሆን ከኋላ ለሚመጡት ሁሉ መሥራት ነው።

እንግዲህ የተመለሰ ሰው የመጀመሪያው ግዴታው ከሦስቱ የትኛው እንደ ደረሰበት መለየት ነው። ይህም ቀላል አይደለም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ጎረቤቱም ዘመዱም ያሻውን ይናገራልና፣ እርሱ ሦስቱንም ባንድነት ቀላቅሎ «አንተ ከንቱ ነህ» የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል። ወይም ደግሞ ራሱን ለማዳን ሲል ጥፋቱን ሁሉ በደጁ ላይ ይጥላል። የመጀመሪያው ሰው ሳይገባው ተስፋ ይቆርጣል፤ ሁለተኛው ሳይማር ይመለሳል።

ነገር ግን ጉዳዩ በዚህ አያበቃም። በዚህ ነገር ውስጥ አመልካቹም ፈታኙም ብዙ ጊዜ የሚረሱት አንድ ሦስተኛ ሰው አለ።

በቀድሞ ዘመን ሹመት ወይም ርስት የሚፈልግ ሰው ከመኳንንት ደጅ እየዋለ ይጠና ነበር። ደጅ የሚጠናው ሰው ሥራው የጌታውን ልብ ማራራት ነው፤ የዋለበት ዘመን በረዘመ ቁጥር ክርክሩ እየጠነከረለት ይሄዳል። ጌታውም ቢራራለት የሚሰጠው የራሱን ስለ ሆነ የሚጎዳ ሌላ ሰው የለም ይባል ይሆናል። የሕክምና ትምህርት ቤት ደጅ ግን እንዲህ አይደለም። ያ ወንበር የፈታኙ ሀብት አይደለም፤ የአመልካቹም ርስት አይደለም። በእውነት ከተነገረ የበሽተኛው ነው። ምጥ ጸንቶባት በቃሬዛ ተሸክመው ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው ከጤና ጣቢያ ደጅ የሚያሳርፉአት ሴት፣ ያን ጊዜ ከፊቷ የሚቆመው ሐኪም ማን እንደሚሆን የሚወሰነው ከብዙ ዓመት በፊት በዚያ የፈተና አዳራሽ ነው። እርስዋ ግን በአዳራሹ ውስጥ የለችም። ፈታኙ የተቀመጠው በእርስዋ ምትክ ነው።

ይህንን ያስተዋለ አመልካች «ሦስት ዓመት ደክሜአለሁና ይገባኛል» ለማለት አይደፍርም። ድካሙ እውነት ነው፤ ሊከበርም ይገባዋል። ሆኖም ለዚያች ሴት ጥያቄ መልስ አይሆንም። እርስዋ የምትጠይቀው «ስንት ጊዜ ተፈተንህ?» ብላ አይደለም፤ «ታውቃለህ ወይ? ስነግርህ ትሰማኛለህ ወይ? ሌሊት ሲቀሰቅሱህ ትነሣለህ ወይ?» ብላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የፈተና ወረቀት ዕውቀትን በመጠኑ ይመዝን እንደ ሆነ እንጂ ርኅራኄንና ትዕግሥትን አይመዝንም፤ እንግዲያውስ ፈታኙ ስለ በሽተኛዋ ቆሞአል ማለት እንዴት ይቻላል? የሚል ነው። ተቃውሞው እውነት አለው። ፈተና ስለዚያች ሴት የሚናገር ጠበቃ ቢሆን ነገሯን ሁሉ የማያውቅ ጠበቃ ነው። ነገር ግን ይህ ጉድለት የአመልካቹን ግዴታ ያከብደዋል እንጂ አያቀልለትም። ፈታኙ ያልጠየቀውን ጥያቄ ማንም በማያየው ስፍራ ራሱን መጠየቅ ይኖርበታልና።

አሁን ወደዚያ በግዴለሽነት ወደ ተናገርሁት ምሳሌ ልመለስ። እንቁላል በእግሩ የሚሄደው እንቁላል እንደ ሆነ አይደለም። የታቀፈ የዶሮ እንቁላል 21 ቀን ያህል በሙቀት ሥር ሆኖ በውስጡ ይለወጣል፤ ከዚያም ጫጩቱ በገዛ ምንቃሩ ቅርፊቱን ሰብሮ ይወጣል። በእግሩ የሚሄደው እርሱ ነው። ያልታቀፈ እንቁላል ግን 21 ቀን ቢቀመጥ ይበላሻል እንጂ አይሄድም። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ» ሲሉ የተናገሩት ስለ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በጊዜ ውስጥ ስለሚፈጸም ለውጥ ነበረ። እኔ ግን ለነዚያ ልጆች የምሳሌውን ጊዜ ብቻ ሰጥቼ ለውጡን አስቀረሁባቸው።

አንደኛው ልጅ ይህን እኔ ሳልነግረው በራሱ ደረሰበት። ሄዶ ውጤቱን በየትምህርቱ ዓይነት እንዲያሳዩት ጠየቀ። በባዮሎጂ መልካም፣ በኬሚስትሪ ግን ደካማ ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ከዚያው ከጓደኛው ዘንድ እየሄደ ኬሚስትሪ ተማረ። ቀኑን ደግሞ ባንድ ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። እዚያም ሐኪምነት ነጭ ጋዋን መልበስ ብቻ አለመሆኑን፣ በሽተኛ ሊቆጣ፣ ሊዋሽና ሊያለቅስ መቻሉን፣ ስሙን በትክክል የጻፉለት ሰው እንኳ ግማሽ እንደሚድን ተመለከተ። «በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ ልተወው አስቤ ነበር» ሲል ኋላ ነገረኝ። ዳግመኛ ማመልከቻውን ሲጽፍ ግን ያው ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው ልጅ ሰነፍ አልነበረም። እንዲያውም በሰዓት ቢቆጠር ከጓደኛው ይልቅ ብዙ አንብቦአል። የጎደለው ምን እንደ ሆነ እንዲጠይቅ የነገረው ሰው ግን አልነበረም። ያነብ የነበረውም አስቀድሞ የሚያውቀውንና የሚወደውን ነበረ። ጓደኛው ኬሚስትሪ ሊማር ወደ እርሱ ሲመጣ፣ እርሱ በምላሹ ባዮሎጂ አስተምረኝ አላለም። ሽንፈቱን ያፍርበት ስለ ነበር ከሰው ሁሉ ተሸሸገ። እንግዲህ በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት የትጋት ልዩነት አልነበረም፤ አንደኛው የመለሱለትን ቃል እንደ ትምህርት ሲቀበለው፣ ሁለተኛው እንደ ስድብ ተቀብሎት ነበር።

ከእናቱ ጋር ከተገናኘን በኋላ ወደ ቤታቸው ሄጄ ምክሬ ጎደሎ እንደ ነበረ ነገርሁት። ከዚያም ሌላውን ጥያቄ ሳንሸሽ ተነጋገርንበት፤ መቼ ማቆም ይገባል የሚለውን። ማቆም በአገራችን እንደ ውርደት ስለሚቆጠር፣ ይህን ጥያቄ ጮክ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ነገር ግን የአንድ ልጅ ተስፋ በናቱ ላሞች ላይ ሲያርፍ፣ ታናናሾቹም የትምህርት ተራቸውን ሲጠብቁ፣ ጽናቱን የሚከፍለው እርሱ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ሦስት ጥያቄዎች አቀረብሁለት። ካለፈው ሙከራ ወዲህ በአንተ ዘንድ የተለወጠው ነገር ምንድር ነው? የዚህን ሙከራ ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው፣ እርሱስ በፈቃዱ ነው ወይ? ይህ ደጅ ለዘላለም ባይከፈት በሽተኛን ለማገልገል የምትሻ ሆነህ ትገኛለህ ወይስ የምትሻው ስሙን ብቻ ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። ቢሆንም በአገራችን ታሪክ ውስጥ መልስ የሰጡበት ሰዎች አሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲቋቋም፣ ያሠለጥናቸው የነበሩት የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎች ነበሩ። ዶክተር ተብለው አልተጠሩም፤ ነገር ግን ሐኪም ባልደረሰበት አውራጃ ሁሉ የደረሱት እነርሱ ናቸው። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼም ከገጠር በምጥ ምክንያት በደረሰባቸው የፌስቱላ ጉዳት ለመታከም ገና በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ የመጡ፣ ማንበብና መጻፍ ያልተማሩ ሴት ነበሩ። ከዳኑ በኋላ የበሽተኞችን አልጋ በማንጠፍ ጀመሩ፤ ቀጥሎም በዶክተር ሬጂናልድና በዶክተር ካተሪን ሐምሊን አጠገብ ቆመው የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ማቀበል፣ ከዚያም ራሳቸው መሥራት ተማሩ። በኋላ ዘመን በሙያው የተመረቁ ሐኪሞች ሳይቀሩ ከእርሳቸው እጅ ይማሩ ነበር። ይህን የማነሣው ፈተና አያስፈልግም ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ዕድል ለሁሉ አይገኝም። የማነሣው በሽተኛን የማገልገል ፍላጎት በእውነት ያደረበት ሰው የሚገባበት ደጅ አንድ ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት ነው።

ከላይ ያነሣኋቸው ዶክተር ብላክዌልም ከተመረቁ በኋላ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ለመሆን ተስፋ አድርገው ነበር። ነገር ግን በፓሪስ ከተማ አንድ ሕፃን ሲያክሙ ባገኛቸው ሕመም ያንድ ዓይናቸው ብርሃን ጠፋና ያ ተስፋ ቀረ። ሕክምናን ግን አልተዉም፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1857 በኒውዮርክ ከተማ ለድኾች ሴቶችና ሕፃናት የሚሆን ሆስፒታል ከባልደረቦቻቸው ጋር አቋቋሙ። ደጁ በግፍ ሲዘጋባቸው ጸኑ፤ መንገዱ በእውነት ሲዘጋ ደግሞ ሌላ መንገድ ያዙ። ሁለቱን መለየት የጥበብ መጀመሪያ ይመስለኛል።

ያ ወጣት ዛሬ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። ባንድ ጤና ጣቢያ በትንሽ ክፍል ተቀምጦ፣ ከበሽተኛ ጣት የተወሰደውን የደም ጠብታ በመስታወት ላይ ቀብቶ፣ በቀለም ነክሮ፣ በማይክሮስኮፕ የወባን ተሐዋስያን ይፈልጋል። ኬሚስትሪ መማሩም በከንቱ አልቀረም። ጓደኛው ሐኪም ሆኖ በሌላ ስፍራ ይሠራል፤ እርሱም የላቦራቶሪው ወረቀት ሳይደርሰው በእርግጠኝነት መድኃኒት ለማዘዝ እንደሚቸገር በራሱ አፍ ይናገራል። እናታቸው ግን እስከ ዛሬ ስለ ሁለቱ ላሞች ያስባሉ። የእኔን ቃል ተከትለው ያጡትን እኔ አልመለስሁላቸውም፤ ይህንንም ሳልደብቅ መናገር ይገባኛል።

ከዚህ ሁሉ ለማስገንዘብ የምፈልገው ነገር ባጭሩ ይህ ነው። ተማሪ ሆይ፣ ዳግመኛ ማመልከት ነውር አይደለም፤ ሆኖም ይዘህ የምትመለሰው የበለጠ ልመናን ሳይሆን የተለወጠ ሰውን ይሁን። መምህራንም፣ የወደቀ ልጅ ምክር ሊጠይቀን ሲመጣ ምሳሌ ከመናገራችን አስቀድመን ውጤቱን አብረን ብንመለከትለት ከማጽናኛ የበለጠ ነገር ሰጥተነዋል። በመምረጥና በመመለስ ሥራ ላይ የተሾማችሁም፣ የምትመልሱትን ሰው የተመለሰበትን ምክንያት ሳትነግሩ አትስደዱት። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው በጨለማ ደጅ እንደሚመታ ነውና፣ እጁ ይቆስላል እንጂ መግቢያውን አያገኘውም።